መሰወርና መታወቅ፦ የዥንጉርጉሩ ወታደራዊ ልብስ ታሪክ

በኦገስት 1914 የፈረንሳይ እግረኛ ጦር ከጀርመን ጋር ሊዋጋ ወደ ድንበር ሲተም ሰማያዊ ካፖርት ደርቦ፣ ከሥሩ ደማቅ ቀይ ሱሪ ለብሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፊቱ የሚጠብቀው የጀርመን ወታደር ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ለባሽ ነበር። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ለደረሰው እልቂት ሁሉ ሱሪውን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ መድፉና መትረየሱ የለበሰውን አይተው አይመርጡም። ነገር ግን በተከፈተ ማሳ ላይ ቀይ ለብሶ መሮጥ ለተኳሹ ሥራውን ማቅለል ነው። ፈረንሳዮች ይህን አጥተውት አልነበረም። የጦር ሚኒስትሩ አዶልፍ ሜሲሚ ጦርነቱ ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ልብሱ በደብዛዛ አረንጓዴ እንዲለወጥ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የቀድሞው የጦር ሚኒስትር ኤዤን ኤትየን ግን ቀይ ሱሪ ማለት ፈረንሳይ ራሷ ናት ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ሰማያዊ ግራጫ ልብስ እንዲገባ ውሳኔው ሲጸድቅ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ብቻ ቀርተው ነበር፤ አዲሱ ልብስ በብዛት ወታደሩ እጅ የገባው በ1915 ነው።

ይህ ክርክር ከዚያ ወዲህ አላባራም። የወታደር ልብስ ሁለት የሚጣሉ ሥራዎችን ባንድ ጊዜ ይሠራል። ጠላት እንዳያየው መሰወር አለበት፤ ወገን እንዳይስተው፣ አገሩም እንድትኮራበት ደግሞ መታየት አለበት። ዛሬ ሬንጀር ወይም ካሞፍላጅ የምንለው ዥንጉርጉር ልብስ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያገለግል ይመስላል። ታሪኩን ሲከተሉት ግን ሁለተኛው ፍላጎት ደጋግሞ እንዳሸነፈ፣ ባሸነፈም ቁጥር ዋጋውን የከፈለው ልብሱን የለበሰው ሰው እንደሆነ ይታያል።

የድሮዎቹ ነገሥታት ወታደሮቻቸውን በቀይና በነጭ ያለብሱ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጥቁር ባሩድ ጭስ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍነዋል። የዘመኑ ጠመንጃም ከመቶ ሜትር ካለፈ ሰውን ለይቶ መምታት ይቸግረው ነበር። በዚያ ጭስ ውስጥ ትልቁ አደጋ የራስን ወገን መምታት ስለነበር ደማቅ ቀለም ሕይወት ያድን ነበር። ሒሳቡን የገለበጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ወጥቶለት ጥይቱ ሩቅና ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፤ በ1884 ደግሞ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ጭሱ ሲገፈፍ ሜዳው ጠራ፤ ቀዩም ልብስ ከሩቅ የሚነበብ ዒላማ ሆነ።

ካኪ የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው መኮንን ሃሪ ለምስደን ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር በፔሻዋር ለሚያዋጋቸው ቃኚዎች በአካባቢው የተገኘ ጥጥ የአፈር ቀለም አስነክሮ አለበሳቸው። ልብሱ ቀላል ነበር፤ አቧራውም አያጋልጠውም። በ1868 ጄኔራል ሮበርት ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ እስከ መቅደላ ድረስ በመሩት ጦር ውስጥም ከህንድ የመጡት ወታደሮች ካኪ ለብሰው ነበር። እናም የመቅደላ ዘመቻ በካኪ ታሪክ ውስጥ ቀድመው ከሚጠቀሱት አንዱ ሆኖ ቀርቷል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ካኪን ለመላው ጦሩ መደበኛ የዘመቻ ልብስ ያደረገው በደቡብ አፍሪካ የቦር ገበሬ ተዋጊዎች ከድንጋይ ጀርባ ሆነው በረጅም ርቀት ጠመንጃ ትምህርት ከሰጡት በኋላ፣ በ1902 ነው። ጣሊያን በ1909 ግራጫ አረንጓዴ መረጠች፤ ጀርመንም በ1910 የሜዳ ግራጫውን ይዛ ተከተለች።

አንድ ወጥ ቀለም ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ዓይናችን አንድን ነገር የሚያገኘው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በዳር ዳሩ ነው፤ የራስ ክብ፣ የትከሻ መስመር፣ የሁለት እግር ቅርጽ ከየትኛውም ጀርባ ላይ ለይተን እናወጣቸዋለን። ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ የለበሰ ሰው አሁንም አረንጓዴ ሰው ነው። መሰወር ማለት ቅጠል መምሰል ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጉዳይ ዓይን ቅርጹን እንዳይገጣጥም ማድረግ ነው። ይህን መጀመሪያ በደንብ ያስረዱት ደግሞ ጄኔራሎች ሳይሆኑ ሠዓሊዎችና የእንስሳት ተመራማሪዎች ናቸው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ታየር በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ ለምን ብዙ አውሬዎች ጀርባቸው ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ እንደሚል አብራራ። ፀሐይ ከላይ ስለምትበራ ጀርባን ታደምቃለች፣ ሆድን በጥላ ታጠቁራለች፤ ዓይንም ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ «ድቡልቡል አካል አለ» ብሎ ይፈርዳል። ጠቆር ያለ ጀርባና ነጭ ሆድ ያላት ሚዳቋ ግን ብርሃኑንና ጥላውን ታጣፋዋለች፤ ከሩቅ አካሏ ጠፍጣፋ ሆኖ ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛው ሐሳቡ ደግሞ ደማቅና ጨለማ ጠቃጠቆዎች ወይም መስመሮች የአካሉን ዳር አቋርጠው ሲያልፉ ዓይን ጠቃጠቆውን እየተከተለ አካሉን ይስታል የሚል ነበር። በቆላ አጋዘን ጎን ላይ የሚወርዱት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች በቁጥቋጦ መካከል የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ታየር ሐሳቡን ከሚገባው በላይ ለጠጠው። ከልጁ ከጄራልድ ጋር በ1909 ባወጣው መጽሐፍ የማናቸውም እንስሳ ቀለም መሰወሪያ ነው እስከማለት ደርሶ፣ በአቢጃታ ሐይቅ እንደምናያቸው ያሉ ሮዝማ ፍላሚንጎዎች እንኳ የጀንበር መግቢያና መውጫ ሰማይን ለመምሰል የቀሉ ናቸው ሲል ጻፈ። አዳኝ የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በጽሑፍ ክፉኛ ተቹት፤ በፍላሚንጎው ጉዳይ ትክክል ነበሩ። ዋናው ትምህርቱ ግን አልፈረሰም። ዛሬ በየትኛውም አገር በታተመ ዥንጉርጉር ጨርቅ ውስጥ ያለው መሠረተ ሐሳብ የእሱ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ትምህርቱ ጦር ሜዳ የገባው በፈረንሳይ በኩል ነው። በመድፈኛ ክፍል ስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ሉሲየን ቪክቶር ጊራን ደ ሴቮላ መድፉንና መድፈኞቹን በተቀባ ሸራ መሸፈን እንደሚቻል አለቆቹን አሳመነ። በ1915 የፈረንሳይ ጦር በታሪክ የመጀመሪያውን የካሞፍላጅ ክፍል አቋቋመ፤ ምልክቱም እስስት ነበረች። ክፍሉ የቲያትር መድረክ ሠሪዎችን፣ ቀራጮችንና ሠዓሊዎችን ሰበሰበ። ከነሱም መካከል አንድን ነገር ሰባብሮ በብዙ ገጽታ መሣልን የለመዱ የኩቢዝም ሰዎች ይገኙ ነበር፤ አንድሬ ማር አንዱ ነው። ከሠሯቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ሐሰተኛው ዛፍ ነው። በሁለት ምሽጎች መካከል የቆመ አንድ የደረቀ ግንድ በጥንቃቄ ይሣልና ይለካል፤ ከኋላ ባለ ወርክሾፕ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት መንትያ ይሠራለታል፤ አንድ ሌሊት በተኩስ ድምፅ ተሸፍኖ እውነተኛው ተቆርጦ ሐሰተኛው ይተከላል። በነጋታው ውስጡ የተቀመጠ ተመልካች ጠላትን ይቆጥራል። የናንሲው ሠዓሊ ሉዊ ጌንጎ ደግሞ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በእጁ አረንጓዴና ቡናማ ጠቃጠቆ ቀብቶ አንድ ጃኬት ለጦሩ አቅርቦ ነበር። አልተቀበሉትም። ዥንጉርጉር ልብስ ለእግረኛ የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጠበቀ።

በባሕር ላይ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። መርከብ ጭሱና ግዝፈቱ ስለሚያጋልጡት መሰወር አይሆንለትም። እንግሊዛዊው የባሕር ሠዓሊ ኖርማን ዊልኪንሰን በ1917 ያመጣው ሐሳብ መርከቧን ጭራሽ በሰያፍ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ማጉላት ነበር። ቶርፔዶ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ የባሕር ሰርጓጁ አዛዥ መርከቧ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደምትጓዝ ገምቶ ከፊቷ መተኮስ አለበት። የተዘበራረቁት መስመሮች ይህን ግምት ያሳስቱታል ተብሎ ታሰበ። በለንደን ሮያል አካዳሚ ሴት ሠዓሊያት ትንንሽ የእንጨት መርከቦችን እየቀቡ በፔሪስኮፕ ይፈትኗቸው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ቢቀቡም ዘዴው ስንቱን እንዳዳነ በቁጥር ማረጋገጥ አልተቻለም።

ወታደሩ ራሱ ዥንጉርጉር የሆነው ከራሱ ጀምሮ ነው። በጁላይ 1918 የጀርመን ጦር የብረት የራስ ቁሮቹን በአረንጓዴ፣ በቡናማና በቢጫማ አፈር ቀለም፣ ቀለሞቹን በጣት ስፋት ባለው ጥቁር መስመር እየለያየ እንዲቀባ ታዘዘ። በፋብሪካ ማሽን በብዛት የታተመ የመጀመሪያው ካሞፍላጅ ጨርቅ ግን የጣሊያን ነው፤ 1929። ታትሞም መጀመሪያ የሆነው ድንኳን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ወታደር የሚሸከመው የድንኳን ቁራጭ ዝናብ ሲመጣ ካፖርቱ ይሆናል፣ ሲተኛ መሸፈኛው ይሆናል። ከዚያ ወደ አየር ወለዶች ጃኬት ተሸጋገረ። ይኸው ንድፍ በጣሊያን ጦር ውስጥ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አገልግሏል፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ ሌላ ካሞፍላጅ የለም ማለት ይቻላል። ጀርመኖችም በ1931 በሹል ማዕዘኖች የተሰባበረ ንድፍ ለድንኳናቸው አወጡ። በኋላም የሙኒኩ የሥነ ጥበብ ፕሮፌሰር ኦቶ ሺክ በቅጠል ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን መሬት ላይ የሚጥለውን ጠቃጠቆ አጥንቶ ለናዚው ቫፈን ኤስ ኤስ ንድፎች ሠራ፤ በአንድ በኩል የፀደይ አረንጓዴ፣ ሲገለበጥ የመጸው ቡናማ። የንድፎቹ ጥራት ዛሬም በባለሙያዎች ይነገርላቸዋል፤ የለበሷቸው ሰዎች የሠሩት ወንጀል ግን አብሯቸው መነሣት አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ የእንስሳት ተመራማሪ ሂዩ ኮት የታየርን ትምህርት በመለኪያ ፈተነው። በ1940 ሁለት ተመሳሳይ ትልልቅ መድፎች ቀረቡ፤ አንዱን ጦሩ በለመደው መንገድ ቀባ፣ ሌላውን ኮት በጥላ ማጣፋትና በቅርጽ መስበር ዘዴ ቀባው። ከአውሮፕላን ፎቶ ሲነሡ የጦሩ መድፍ ከየአቅጣጫው ጎልቶ ወጣ። የኮትን ግን የት እንዳለ እያወቁ እንኳ አጥብቆ መፈለግ ይጠይቅ ነበር። ያም ሆኖ ወታደራዊ ቢሮው ምክሩን ሙሉ በሙሉ አልተከተለም። አንድ መኮንን ከአንድ የእንስሳት ሊቅ ስለ ጦርነት መማር እንደሚከብደው ይገባኛል፤ ፎቶው ግን ፊት ለፊት ነበር።

አሜሪካ በበኩሏ ንድፉን ያገኘችው ከአትክልት ጸሐፊ ነው። ስለ ጓሮ አትክልት በመጽሔት ይጽፍ የነበረው ኖርቬል ጊለስፒ በሠራው የእንቁራሪት ቆዳ መሳይ ንድፍ የተሰፋ ልብስ በ1942 በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ለሚዋጉት ማሪኖች ተሰጠ። አድፍጦ ለሚጠብቅ ሰው ጠቃሚ ነበር። ሲንቀሳቀሱበት ግን ጠቃጠቆው ራሱ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ እንዲያውም ያጋልጣል። የትኛውም ንድፍ ከዚህ ድክመት አላመለጠም፤ ዓይን እንቅስቃሴን ከቀለምም ከቅርጽም አስቀድሞ ይይዛል። በ1944 በኖርማንዲ የተወሰኑ የአሜሪካ ክፍሎች ልብሱን ለብሰው ሲወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በዚያ ግንባር ዥንጉርጉር ማለት የጀርመን ኤስ ኤስ ማለት ስለነበር የራሳቸው ወገን ተኮሰባቸው። ልብሱም ቶሎ ከአውሮፓ ግንባር ተነሣ።

ከጦርነቱ በኋላ ንድፎች እንደ ዘር ሐረግ መወላለድ ጀመሩ። የፈረንሳይ አየር ወለዶች በኢንዶቺና እና በአልጄሪያ የለበሱት፣ በብሩሽ የተሳበ የሚመስለው ባለ አግድም መስመር ንድፍ በቬትናም ነብርማ መስመር ያለው ዝነኛ ልብስ ወለደ፤ በፖርቱጋል በኩል ደግሞ ወደ አንጎላና ሞዛምቢክ ተሻገረ። አሜሪካኖች በ1948 አንድ የቅጠልና የቅርንጫፍ ንድፍ ሠርተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ አወጡት፤ በ1981 ጠቃጠቆዎቹን አስፍተው ለመላው ጦራቸው አለበሱት። ያሰፉት ትንንሽ ጠቃጠቆ ከሩቅ ሲታይ እርስ በርሱ ተዋህዶ አንድ ወጥ ቀለም ስለሚሆን ነው። ያኔ ቅርጽ ሰባሪነቱ ይጠፋል፤ ከሩቅ የሚታየው እንደገና ያው አረንጓዴ ሰው ነው።

ለበረሃ የሠሩት ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ያለውን ጠጠራማ በረሃ አስመስለው ስለነበር ጥቁርና ነጭ ጠጠሮች ተበትነውበታል። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሳዑዲ አረቢያና ኩዌት ሲደርሱ መሬቱ አብዛኛው ገላጣ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ጠጠሩ ተወግዶ ሦስት ቀለም ብቻ ባለው ሌላ ልብስ ተተካ።

ጠቃጠቆ ከሩቅ የመዋሃዱን ችግር በጥልቀት የመረመረው በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሥነ ልቦና ያስተምር የነበረው ቲሞቲ ኦኒል ነው። በ1970ዎቹ አንድ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቀለሞች ቀባ። አራት ማዕዘኖቹ ከቅርብ ሲታዩ እንደ ቅጠልና ቁጥቋጦ ይበተናሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ተሰብስበው ትልልቅ ጠቃጠቆ ይሆናሉ። አንድ ንድፍ በሁለት ርቀት እንዲሠራ ማድረግ ነበር የኦኒል ግኝት። ካናዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ማሪኖች በ2002 ይህን መንገድ ተከትለው ዛሬ «ዲጂታል» የምንለውን ልብስ አወጡ። ሰው ሁሉ የሚያስተውለው ባለ ካሬነቱን ነው። የሚሰውረው ግን ካሬው አይደለም፤ ትንሹና ትልቁ ጠቃጠቆ ተደራርበው መቀመጣቸው ነው።

ይህን አለመረዳት የአሜሪካን ምድር ጦር ብዙ አስከፍሎታል። በ2004 ለከተማም፣ ለበረሃም፣ ለጫካም የሚሆን አንድ ልብስ ብሎ ግራጫ፣ ፈዛዛ አረንጓዴና አሸዋማ ካሬዎች ያሉትን ንድፍ አጸደቀ። ካሬው ነበረ፤ ትልልቅና ጠቆር ያሉ ጠቃጠቆዎች ግን አልነበሩም። ራቅ ብሎ ሲታይ ሁሉም ተዋህዶ አንድ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል፤ በአፍጋኒስታን ቡናማ ተራራና አረንጓዴ ሸለቆ ላይ ያን ግራጫ የሚመስል ነገር እምብዛም የለም። የወታደሩ ቅሬታ ኮንግረስ ደረሰ። ከ2010 ጀምሮ ወደ አፍጋኒስታን ለሚዘምቱት ሌላ ንድፍ ተሰጠ፤ በ2015 ደግሞ መላው ምድር ጦር መለወጥ ጀመረ። የአሜሪካ ጋዜጦች የዚያ ስሕተት ዋጋ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን የባሕር ኃይሉ ለመርከበኞቹ ሰማያዊ ዥንጉርጉር አልብሶ ነበር፤ ከመርከብ የወደቀን ሰው በባሕር ውስጥ ለመፈለግ ከሁሉ የከፋው ቀለም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ንድፍ እንዲኖረው የፈለገው ስለ ጫካና በረሃ አስቦ ብቻ አልነበረም። ማሪኖቹ በልብሳቸው ጠቃጠቆ መካከል የክፍላቸውን አርማ በረቂቁ አሳትመውበታል።

የአፍጋኒስታን ብሔራዊ ጦር የገጠመው ደግሞ ያሳዝናል። በ2007 የመከላከያ ሚኒስትሩ የመረጡት በግል ኩባንያ የተያዘ የጫካ ንድፍ ነበር። አሜሪካ ለአፍጋኒስታን ታወጣ የነበረውን ገንዘብ ይቆጣጠር የነበረው መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ ይህ ምርጫ እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር ያለ አስፈላጊነት አስወጥቷል፤ በአገሪቱ በደን የተሸፈነው መሬት ደግሞ 2.1 በመቶ ብቻ ነው።

ሌሎች ያለ ዥንጉርጉርም ይሠራሉ። የእስራኤል ጦር በአመዛኙ የሚለብሰው ወጥ የወይራ አረንጓዴ ነው። በራስ ቁሩ ላይ ግን ሰፊና የተንዘረፈፈ ጨርቅ ያጠልቅበታል፤ ከሩቅ ሰውን ከሁሉ በፊት የሚያጋልጠውን የራስ ክብ መስበሪያ ነው። ታየርና ኮት ቢያዩት ወዲያው የሚገባቸው ይመስለኛል።

መታወቅ የሚለው ፍላጎት ዛሬም በሕግ ጭምር ይገለጣል። በጃማይካና በባርቤዶስ ሲቪል ሰው ዥንጉርጉር ልብስ ለብሶ ቢገኝ ይቀጣል፤ ቱሪስትም ቢሆን። በዩክሬን ጦርነት ደግሞ የሁለቱም ወገን ወታደሮች የሚለብሷቸው ንድፎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ክንዳቸው ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ያስራሉ፤ ዩክሬናውያን ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ሩሲያውያን በብዛት ነጭ ወይም ቀይ።

ጨርቁ አሁን የሚታገለው ከሰው ዓይን ጋር ብቻ አይደለም። የሌሊት መነጽር ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያያል፤ ሕያው ቅጠል በዚያ ብርሃን ደምቆ ሲታይ፣ በተራ ቀለም የተነከረ ልብስ ግን ከቅጠሉ ተለይቶ ይጠቁራል ወይም ያበራል። ስለዚህ የወታደር ጨርቅ ማተሚያ ቀለም በዚያ ብርሃንም ቅጠልና አፈር እንዲመስል ተደርጎ ይቀመማል። ለዚህም ነው ልብሱን በስታርች ማድረቅ፣ ወይም ልብስን «ከነጭ በላይ ነጭ» የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለው ሳሙና ማጠብ የሚከለከለው፤ ከታጠበ በኋላ ለዓይን ምንም ያልተለወጠ ልብስ በሌሊት መነጽር ግን ያበራል። የሙቀት ካሜራ ከዚህም የከፋ ነው፤ የሚያነበው ቀለሙን ሳይሆን የሰውነትን ሙቀት ነውና ምን ዓይነት ጠቃጠቆ ቢታተም አይገድበውም። ሙቀት የሚያግዱ መረቦችና ካባዎች ተሠርተዋል። ሆኖም ሙቀትን ያገደ ካባ የለባሹንም ሙቀት ውስጥ ያፍነዋል፤ ለብሶ ለረጅም ጊዜ መሮጥ አይቻልም። ካሜራ የጫኑ ድሮኖች ከላይ በሚዞሩበት ግንባር ወታደሩ በቀን ከዛፍ ሥር፣ በሌሊት ከመረብ ሥር ሆኖ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።